ጥያቄና መልስ፦ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 1982 የተሠራ ሆንዳ ሲጂ 125 አለኝ። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ጣርማ በርን ስወጣ ግን ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ዘይት ከቀየርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሸራ (ፍሪሲዮኑ ውስጥ በፍትጊያ የሚይዙትን ዲስኮች) ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሽ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል) ገመድ ይዩ። የፍሪሲዮን ማንሻው ጫፍ መክበድ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በባዶ መሄድ አለበት። ይህ ልቅነት ከሌለ፣ እጅዎ ባይነካውም ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተጫነ ይቆያል። ሸራ ባለቀ ቁጥር ልቅነቱ እየጠፋ ስለሚሄድ አንዴ ያስተካከሉት ገመድ ዘላለም አይበቃም።

እኛ ግን የጠረጠርነው ዘይቱን ነው። የዚህ ሞተር ሸራ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ እየተባሉ ለመኪና የሚሸጡ ቀጫጭን ዘይቶች ፍትጊያን የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ሸራው ደግሞ የሚይዘው በፍትጊያ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA፣ የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ይፈልጉ (ኤም ቢ አይሆንም)። አሮጌውን በትኩሱ አፍስሰው 0.9 ሊትር ያህል ይሙሉና ልኩን በመለኪያው ያረጋግጡ። ሸራው የጠጣው ቅመም ቶሎ አይለቅም፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግም መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

ያኔም ካንሸራተተ የቀኙ ክዳን ይከፈት። ሸራው አዲስ ሲሆን 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 2.6 ከደረሰ አልቋል። የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ ያስተኟቸው፤ 0.2 ሚሊሜትር ስፔሶር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ከሥራቸው ካለፈ ተጣመዋል። ሰማያዊ የሆነ ብረት ተቃጥሏልና አይመለስ። ሞላዎቹ አራቱም አብረው ይቀየሩ። ከሞላ ሥር ሮንዴላ መጨመር የተለመደ ብልሃት ነው፣ አንመክረውም፤ ማንሻው ይከብዳል፣ ሞላውም ሙሉ በሙሉ ሊታመቅ ይችላል። አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት ዘይት ውስጥ ይደር። ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ያጥብቁ፤ የሚገቡበት አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይችልም። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለውን የሚሽከረከር የዘይት ማጣሪያ ይጥረጉት። አዲስ ጓርኒሲዮንም (ክዳኑ ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን) አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሸራ ከቀየርኩ በኋላ ማንሻውን ጨብጬም አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ወደፊት ይጎትታል። ለምን?

መልስ፦ ገመዱ ከመጠን በላይ ልቅ ካልሆነ፣ ሸራው በደረቁ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም የቋቱ (ሸራው የሚቀመጥበት ቤት) ጥርሶች በአሮጌው ሸራ ተቦርቡረው አዲሱን እየያዙት ነው። ቀላል ጭረት በሞረድ ይስተካከላል። ጥልቅ ከሆነ ግን ቋቱ ራሱ ይቀየራል።