ጣሪያው «አንዳንዴ» የሚቆም መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጣሪያው የሚከፈት መኪና ስመኝ ኖሬ አሁን የ2005 መርሴዲስ ኤስ ኤል 500 አገኘሁ። 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። የሞተሩ ድምፅ ልብ ያጠፋል። ጣሪያው ግን አንዳንዴ መሃል ላይ ይቆማል። ባለቤቱ «ባትሪ ደክሞ ነው እንጂ ምንም የለውም» ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ዋሽቶሃል አልልም። በዚህ መኪና ባትሪ ሲደክም ጣሪያው በእርግጥ እምቢ ይላል። ባትሪውም ሁለት ነው፤ የፊተኛው ለማስነሻ፣ የኋለኛው ለቀረው ኤሌክትሪክ። ስለዚህ «እንግዲያው ባትሪውን ቀይረህ አሳየኝ» በለው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ሦስት ጊዜ ከፍተህ ዝጋው። ደህና ከሆነ በ16 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል። መጀመሪያ ግን የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው መጋረጃ መዘርጋቱን እይ። ካልተዘረጋ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም።

አሁንም ከቆመ ሃይድሮሊኩን፣ ማለትም ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ጠርጥር። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሣና በእጅህ ዳስስ። ቅባት ከነካህ ዘይት እየፈሰሰ ነው። ውሃ ከነካህ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ በአንድ ወቅት ኮንቨርቲብል ገዝቼ ነበር። ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል። ደስ ብሎኝ ምንጣፉን ሳላነሣ ከፈልኩ። ለካ ሽቶው የእርጥበቱን ሽታ መሸፈኛ ኖሯል። የውሃ መውረጃዎቹ በቅጠል ተደፍነው ውሃው ወደ ሽቦዎቹ ገብቷል። አንዱን ስንጠግን ሌላው ይጠፋል። ወራት ፈጀብን። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ስለ ሞተሩ ብዙ አትጨነቅ። 5 ሊትሩ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ጠንካራ ነው። ካንዴላው 16 መሆኑን ብቻ እወቅ፤ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሥር ያለው ነው። ብዙዎቹ ኤስ ኤል 500 ኤቢሲ የሚባል የሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን (መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ክፍል) አላቸው። ጥገናው ኪስ ያራቁታል። መኪናው አሮጌ ሆኖ ዋጋው ቢወርድም፣ የመለዋወጫ ዕቃው ዋጋ የቅንጡ መኪና ዋጋ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ማታ ሜዳ ቦታ ላይ እንዲያቆመው ለምነው፣ ጠዋት ሳይነሣ ድረስበት። አንዱ ጥግ ወርዶ ካደረ ግፊት እያመለጠ ነው። ለዚህ አንድ ጠዋት መነሣት አይክበድህ።

ፍሬኑም ተራ ፍሬን አይደለም። ኤስቢሲ ይባላል፣ በኤሌክትሪክ የታገዘ ነው። ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ገደቡ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ያበራል። ይህ የፍሬን ክፍል ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ፤ በወረቀት ካላሳየህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

ምንጣፉ ደረቅ፣ አቋሙ እኩል፣ ጣሪያው ሦስቴም ካልተደናቀፈ ግዛው፣ በደስታ ንዳው። ከተደናቀፈ ግን ጻፍልኝ። የቱ ጋ ሲደርስ እንደቆመ ልብ ብለህ ጨምርበት፤ ችግሩን የምፈልገው ከዚያ ተነሥቼ ነው።