የወገብ ሕመም፣ ትራማዶልና ሱስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ፋርማሲስት መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ማታ ስለ ወገብ ማስታገሻና ሱስ ጠይቁኝ። አስቀድሜ አደራ፦ ትራማዶል የተባለውን ብርቱ ማስታገሻ ለሳምንታት በየቀኑ የወሰደ ሰው በአንዴ እንዳያቆም።

ባለ ተሳቢው፦ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ወገቤን ሲይዘኝ ባለ 50 ሚሊግራሙን ትራማዶል አንድ እውጥ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በቀን ስምንት ገባሁ። ካልወሰድኩ ያልበኛል፣ ያዛጋኛል፣ እግሬ አላርፍ ይለኛል። ዲስኩ ብሶበት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስላልደበቅከኝ አመሰግንሃለሁ። ላቡ፣ ማዛጋቱና የእግርህ መቅበጥበጥ ከወገብህ አይደለም፤ ሰውነትህ ኪኒኑን ለምዶ ሲያጣው ነው። ስምንቱ 400 ሚሊግራም ይሆናል፤ የአዋቂ የቀን ጣሪያ እሱ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው ሳይቀር ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ለወገብ ተብሎ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ሁሌ የምጨቀጭቃችሁን ልድገመው። ትራማዶል ኃይሉን የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ነው፤ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ወደ ብርቱው መልኩ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከዚያችው ኪኒን ከሌላው የበለጠ ኃይል ይጠጣል። ይኸው ኢንዛይም የሚለውጠው ሌላው ማስታገሻ ኮዴይንም በሀገራችን የታገደው በዚሁ ጠባይ የተነሳ ነው። ስለዚህ «ጓደኛዬን ምንም አላደረገው» ብላችሁ አትዋጡ።

ሰሚራ፦ የትኛው ኪኒን ይሻላል?

መልስ፦ ለማን? ጨጓራ አለብሽ? ኩላሊት? እርጉዝ ነሽ? እንዲህ በደፈናው አልመልስም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እዚህ አሜሪካ ሐኪም ያዘዘልኝ ኦክሲኮንቲን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ከሆነ ሱስ አይሆንም አይደል?

መልስ፦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ሲቀርብ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው ተብሎ ነበር፤ አምራቹ ፐርዱ በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ በዚሁ ጉዳይ ጥፋቱን አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ሥር የሰደደ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን 240 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር፤ እንደ ኦክሲኮንቲን ያሉት ብርቱ መድኃኒቶች ከሌሎቹ ማስታገሻዎች አልበለጡም።

ጌታ ያውቃል፦ ምን ኪኒን ያስፈልጋል? ወጌሻ ጋ ሂዱ!

ሰሚራ፦ አጎቴን ወጌሻ ካሸው በኋላ አይደል እግሩ የሰነፈው።

ጌታ ያውቃል፦ የኔን አባት ግን አድኖታል።

መልስ፦ የወጌሻውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

አቤል፦ እኔም ትራማዶል ላይ ነኝ፤ ከነገ ጀምሮ እርግፍ አድርጌ ልተወው?

መልስ፦ አቤል፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብብ! በአንዴ አይቆምም። ሐኪም ጥቂት በጥቂት ይቀንስልሃል።

ባለ ተሳቢው፦ ሐኪሙ ሱሰኛ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ባዶ ማሸጊያዎቹን ሰብስበህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት። «በቀን ስምንት ነው፤ መቀነስ እፈልጋለሁ» በለው። ይኸው ነው።

ባለ ተሳቢው፦ እሺ፤ ሐሙስ ከጅቡቲ ስመለስ እሄዳለሁ።

መልስ፦ ሐሙስ አይሆንም ወንድሜ። መሪ ሳትጨብጥ፣ ነገ ጠዋት።