ራውተሩ አንድ ደቂቃ ዝም ሲል አትንቀሉት

እህታችን፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ዋይፋይ ከረፋድ ጀምሮ ይንቀራፈፋል። ብዙ የሬዲዮ ሞገድ ባዶውን ይውላል ይባላል፤ ማንንም ሳንረብሽ ለምን አንጋራውም?» ነው ያልሽው። ይቻላል። በቢሮና በካፌ ዋይፋይ ስዘረጋ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ዓምና እዚያው ሜክሲኮ፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። በስልኬ ስቃኝ ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች በአንዱ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 37 ዋይፋይ ተደርድሯል። ክልሉ የተከፈለባቸው መስመሮች፣ ቻናሎቹ፣ እስከ 13 ይቆጠራሉ እንጂ እርስ በርስ የማይነካኩት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ዋይፋይ ደግሞ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እያወራ ከሆነ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ተናጋሪ መሀል ወረፋው መቼ ያልቃል? ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ የራውተሩን ጉልበት እስከ ጥግ ከፍ አድርጎታል። ታክሲ ተራ ላይ ረዳቶቹ ሁሉ አብረው ሲጮኹ ማን ወዴት እንደሚሄድ አይለይም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ጉልበቱን ቀነስኩት።

ከዚያ 5 ጊጋኸርዝን አየሁ። ሰው ሁሉ ከ36 እስከ 48 ባሉት ቻናሎች ታጭቋል። ከ52 እስከ 64፣ ከ100 እስከ 140 ያሉት ግን ጭር ብለዋል። እነዚህ ቻናሎች ባለቤት አላቸው፦ ራዳር። ራውተር የሚገባባቸው እንደ እንግዳ ነው። ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል። ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስበትም። አሠራሩ ዲኤፍኤስ ይባላል።

ቻናል 100 ላይ አደረግኩት። የ5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ስም ከሁሉም ስልክ ላይ ጠፋ። ጸሐፊዋ «ኧረ ጠፋ!» ብላ ሶኬቱን ልትነቅል ተነሳች። «እያዳመጠ ነው፣ ትንሽ ታገሺው» አልኳት። ከደቂቃ በኋላ ስሙ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ መቆራረጥ ደውለውልኝ አያውቁም። 2.4ን ግን አልዘጋሁትም፤ ፕሪንተሩና አሮጌዎቹ ስልኮች ያለሱ አይሠሩም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንዳንድ ልጆች ያቺን አንድ ደቂቃ ላለመጠበቅ የራውተሩን የአገር ምርጫ ይቀይራሉ። እባካችሁ ተዉት። ዝናብ የሚቃኝ ራዳር ስክሪን ላይ ሳያዳምጥ የሚናገር ዋይፋይ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው ያለውን ደመና ይሸፍናል። ያንን ስክሪን አይቶ የሚወስን ሰው አለ።

በቴሌቪዥን ጣቢያዎች መካከል የሚተወው ባዶ ሞገድም የሚጋራው እንዲሁ በእንግድነት ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ለዳታቤዝ ያሳውቃል፤ እዚያ የትኛው ቻናል ነፃ እንደሆነ ይነገረዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በኬንያ ናንዩኪ አካባቢና በኬፕታውን ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል። ሞገዱ ሩቅ ስለሚሄድና ግድግዳ ስለሚያልፍ ለገጠር በጣም እመኝለታለሁ። ለአንቺ ቢሮ ግን አያስፈልግም። ይሸጣል ብትባዪም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሳትጠይቂ አትግዢ።

ለጊዜው የራውተርሽን ሞዴልና የቻናሎቹን ስክሪንሾት እዚህ ለጥፊ። ረፋድ ላይ፣ ሕንፃው ሞልቶ እያለ አንሺው።