ፓምፑ ምን ዓይነት ነው? ለሚሽን ለምትነሱ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እህታችሁ በር ላይ ጠበቀችኝና «ጋሼ፣ ለሚሽን ከአገር ልንወጣ ነው፤ ምን ምን እንያዝ?» አለችኝ። «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩ። ቅር እንዳላት አይቻለሁ። ጡረታ የወጣ ሳኒተሪያን፣ የውሃና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ፣ ለዚህ መልስ አጥቶ አይደለም። ይህችው ጥያቄ ከዓመታት በፊት ተጠይቃ መልሷ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶ ነበር። በዚያ ወረቀት ሰበብ የአንድ መንደር ውሃ ቆመ። ዝርዝሩን የጻፈው አሁን ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ ነው።

ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ሳይነሳ በነበረችው አጭር ጊዜ፣ ከጎንደር ዘጠኝ ወጣቶች ለ14 ቀን ሄዱ። ካስተናገደቻቸው ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ጊዜ ያህል ካልተመታ ውሃ አይሰጥም፤ አንዴ ከመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ይቀዳል። ምልክቱን የሙያው ሰው ያውቀዋል። የታችኛው ቫልቭ ወይም የቱቦው መገጣጠሚያ ያፈስሳል፤ ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ሌሊቱን ተመልሶ ይወርድና ጠዋት እንደ አዲስ መሙላት ይጠይቃል። ያደክማል እንጂ ውሃ አያሳጣም።

ልጆቹ በእኔ ዝርዝር መሠረት የያዙት ሳጥን በአፍሪዴቭ ዕቃ የተሞላ ነበር፦ የፒስተን ጎማ፣ የቫልቭ ጎማ፣ የእጀታ ቡሽ፣ አንድ መፍቻ። አፍሪዴቭ በእኛ ገጠር የተለመደ ፓምፕ ነው። ቱቦው ሰፊ ፕላስቲክ ስለሆነ ፒስተኑም የታችኛው ቫልቭም በውስጡ አልፈው ይወጣሉ፤ ቱቦው ካለበት አይነቃነቅም። ሁሉም በአንድ መፍቻ ይፈታል። እዚያ የቆመው ግን ኢንዲያ ማርክ ቱ የሚባል ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነበር። የእሱ ቱቦ 32 ሚሊሜትር ብረት ነው፤ ፒስተኑ የሚሠራበት ሲሊንደር ደግሞ 63 ሚሊሜትር ተኩል። ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ ማለፍ ስለማይችል አንዲት ጎማ ለመቀየር እስከ ታች ያለው ሁሉ መውጣት አለበት። ጥልቀቱ 24 ሜትር ከሆነ ባለ ሦስት ሜትር ስምንት ቱቦ ማለት ነው፤ ከነዘንጉና ከነሲሊንደሩ ወደ መቶ ኪሎ ይጠጋል።

ሳጥኑ እንደማይገጥም በመጀመሪያው ቀን ታውቋል። እዚያ ላይ መተው ይቻል ነበር። ግን ምእመኑ ገንዘብ አዋጥቶ ልኳቸዋል፤ ሲመለሱ «ምን ሠራችሁ?» የሚል ይጠብቃቸዋል። ከፍተን እንየው፣ ጎማውን ቆርጠን እናስተካክለዋለን ተባባሉ። አራት ወንዶች በገመድ ስበው የመጀመሪያውን ቱቦ አወጡ። ሁለተኛውን ከመፍታት በፊት ከሥር የተንጠለጠለውን ሁሉ ቆንጥጦ የሚይዝ ማነቂያ መታሰር ነበረበት። እነሱ ግን በቱቦ መፍቻ አስነክሰው ያዙት። የቱቦ መፍቻ ለማዞር እንጂ ክብደት ለማንጠልጠል አልተሠራም። ተንሸራተተ፤ ሰባቱ ቱቦ ከነሲሊንደሩ ጉድጓድ ገባ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከዛፉ ጥላ ሥር አንድ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። የመንደሩ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የማንሻ ዕቃው ሌላ መንደር ተውሰውት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። የጠየቀው አልነበረም። እሱም በእንግዳ ሥራ መግባት ነውር ሆኖበት ዝም አለ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገራችን ሰው፤ ያን ቀን ቡዳዎቹ እኛ ነበርን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ወንዝ መውረድ ያዙ። ልጆቹ ማታ ማታ ይዘምራሉ፣ ይመሰክራሉ፤ ሕዝቡ ይመጣል፣ ያጨበጭባል። ክፉ ቃል የተናገራቸው የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይኸው ነው፤ ቢቆጧቸው ይሻል ነበር። የመሸኛው ዕለት ፍየል ታረደላቸው። የእጅ መታጠቢያው ውሃ የወንዝ ነበርና እንደ አሹቅ ውሃ ደፍርሷል። ከልጆቹ አንዱ ያንን ውሃ በመዳፉ ይዞ መብላት እንዳቃተው ነግሮኛል። ቱቦውን ጠጋኙ ማጥመጃ ተውሶ ሲያወጣው ልጆቹ ከተመለሱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ስለዚህ የእኔ ልጅ፣ «ምን እንያዝ?» ከማለትሽ በፊት «ምን አላችሁ? ማን ይጠግነዋል? እሱ የጎደለው ምንድን ነው?» ብለሽ ወደዚያ ጻፊ። ጌታም ሰባዎቹን ሲልክ ኮረጆም ከረጢትም አትያዙ፣ በገባችሁበት ቤት ያቀረቡላችሁን ብሉ ነው ያላቸው። ባዶ እጁን የገባ ሰው መጠየቅ ይገደዳል። ሻንጣ የሞላው ግን ሻንጣውን ማራገፊያ ይፈልጋል። (ቀጥዬ ራሴ የሚያዝ ነገር ልዘረዝር ነው፤ ታዘቡኝ።)

አሁን ደግሞ ስለ ስልክ። የዛሬ ወጣት ምስኪን ሕፃን አቅፎ ፎቶ ካልተነሳ ያገለገለ አይመስለውም። የአስተናጋጅህን ገመና ለአገርህ ሰው ብታሳይ ወሬው ተመልሶ እንደሚደርሰው ጎንደሬ ሊነገረው አይገባም ነበር። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ በ1860 እ.ኤ.አ. መጥቶ እዚሁ ዙሪያችን ባሉ ቤተ እስራኤሎች መካከል ሠራ። አገሩ ገብቶ በጻፈው መጽሐፍ ግን የአፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበረች የሚለውን ወሬ አሳተመ። ዳግመኛ ሲመጣ ነገሩ ጠበቀው፤ በ1863 ታስሮ የተፈታው በ1868 መቅደላ ላይ ነው። እናንተን እስር አይጠብቃችሁም፤ የዚያ ሕፃን እናት ግን የልጇን ሥዕል ታየዋለች።

ይህን ብዬ ደግሞ፣ ያኔ አንድ ፎቶ ተልኮልኝ ቢሆን ያ ሁሉ ባልደረሰ። የኢንዲያ ማርክ ቱ ራስ ሲከፈት እጀታውን ከዘንጉ የሚያገናኝ ሰንሰለት አለው፤ አፍሪዴቭ ሰንሰለት የለውም። በአንድ እይታ ይለያል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የፓምፑን፣ የሽንት ቤቱን፣ የምትተኙበትን ክፍል ፎቶ አስልኩ። ሰው የሌለበት ፎቶ።

ሌላው ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ አለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ይቅርታ እና «እባክህ አሳየኝ» በአፍ ይያዝ። አርባ አራት አብያተ ክርስቲያናት ባሉባት ከተማ አድጋችሁ ይህን ታሪክ አለማወቅ አይቻልም፦ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምሮ ጎርጎራ ተቀምጦ በትዕግሥት ሠራ፤ በ1622 እ.ኤ.አ. ሞተ። በ1625 የካቶሊክ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ አለ። ደም ፈሰሰ። በ1632 አፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትዞሩበት ግንብ የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

የጉዞ ወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልበል። ፓስፖርታችሁ ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት መግቢያው ቀን ሲደርስ ቢያንስ 10 ቀን ሊሞላው ይገባል፤ ካርዱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ እንዳይጠፋ። ዶላር ከያዛችሁ ያልተቀደደና ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት ያልታተመ ይሁን፤ አሮጌውን ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ክረምት ስለምታርፉ ብቻ በክረምት አትሂዱ፤ ዋልካ መሬት ላይ ዝናብ ከጣለ መኪና አይንቀሳቀስም፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው። የቀረውን መሪያችሁ ያውቃል።

ወባ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ጎንደር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያደገ ሰውነት ለቆላ ወባ አልተለማመደም። የአካባቢው ሰው በእግሩ የሚወጣው ትኩሳት ደገኛውን ሊጥለው ይችላል። ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ካዘዘላችሁ 100 ሚሊግራም በየቀኑ ነው፤ ከመግባታችሁ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ፣ እዚያ ባላችሁበት ሁሉ፣ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ 28 ቀን። ከምግብ ጋር በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ውጣችሁ ወዲያው ከተኛችሁ ጉሮሮ ያቆስላል። ፀሐይ ቆዳን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ለእርጉዝ አይሆንም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጨረሻዎቹ 28 ቀናት ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ «ጎንደር ገባን» ብለው ይተዉታል። የወባው ጥገኛ ተውሳክ ግን በጉበት ተደብቆ ይቆይና በሁለተኛው ሳምንት ያንቀጠቅጣቸዋል፤ እነሱ ጉንፋን ነው ይላሉ። በተመለሳችሁ በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ የትኛው ቆላ ከርማችሁ እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ተቅማጥም አይቀርላችሁም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልክ የተቆረጠ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ጨው የበዛበት ይጎዳል።

ስለ እምነታችሁ ምን እንደምል አላውቅም፤ ሰባኪ አይደለሁም። ያየሁት ይህን ነው፦ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ትጣላላችሁ። ማን ውሃ ጨረሰ፣ ማን ዘግይቶ ተነሳ፣ ማን ብቻውን መድረክ ያዘ። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ ያስከፋውን አንድ ነገር ይናገር፤ ከዚያ ጸልዩ። ይቅር ሳትባባሉ አትተኙ። ውሃውን በመዳፉ ይዞ የቀረው ልጅ ዘማሪ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ መድረክ አልወጣም፤ ወንበር ይደረድራል፣ ሲያልቅ ያጥፋል። እምነቱ ቀዝቅዟል ብለን ስናማው ነበር። ለጠጋኙ ግን የማንሻ ዕቃ መግዣ ከደመወዙ እየቆጠበ ይልክ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ሳጥኑ ተመልሶ እኔ ዘንድ ነው፤ አልጋ ሥር። ጎማዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ መፍቻው ደህና ነው። የምትሄዱበት አገር ፓምፕ አፍሪዴቭ ከሆነ መጥታችሁ ውሰዱት። ፎቶውን ግን አስቀድማችሁ አሳዩኝ።