ጣርማ በር ላይ የሚፈላው ውሃ፦ ስለ አሮጌ መኪና ሙቀት ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ መኪና ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን "ስለ ሞተር ሙቀት የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ" ብዬ ነበር። ጎረፈላችኋ! ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ግማሹ ጥያቄ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስለሚያወጣው ዳገት ነው። አልገረመኝም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውጪ የተባለች የ30 ዓመት መኪና ብታለከልክ አይፈረድባትም።

*ዲኤክስ (አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ) አለኝ። ከሸዋ ሮቢት ስመጣ ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ጌጁ ከመሃል ትንሽ ከፍ እንዳለ ውሃው በትርፍ ማስወጫው እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ራዲያተሩን ሁለቴ አሳጥቤአለሁ። ቴስታታ ይውረድ እያሉኝ ነው።*

ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ራስ) ከማስወረድህ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። አልቀለድኩም።

ክዳኑ እንደ ድስት መክደኛ ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል። ውስጡ ግን ስፕሪንግ አለው። ስፕሪንጉ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 91 ሳይሞላ ይፈላል። የእኛ አገር የባቄላ ንፍሮ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ጣርማ በር ላይ 90 ገደማ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 ከምናምን እስከ 95 ባለው ሙቀት ነው። አሁን ደምረው። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይዘህ ከወጣህ፣ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ውሃህ ይፈላል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ካለና ስፕሪንጉ በእርግጥ የሚይዝ ከሆነ፣ እዚያው ጣርማ በር ላይ ውሃው እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ቁጥሩን ፋብሪካው ካዘዘው አታስበልጥ። ያረጀ ራዲያተር ላይ ጠንካራ ክዳን ስታስር ስፌቱ ይፈነዳል።

ክዳኑ ተቀይሮም ከቀጠለ ያኔ ቴስታታውን እንጠርጥር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ። አረፋው ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑን ዘግተህ ባስነሳህ በሁለት ደቂቃ የላይኛው ጎማ ቱቦ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

*እዚህ ሁሉም ሰው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። ላውጣው?*

አታውጣው። ይህ ነገር መቼም የማይለቀን አመል ነው። ቴርሞስታት በውሃው ሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ሁለት ሥራ አለው። ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚሄደውን በር ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከጎን ያለችውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የተወሰነው ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ ይብስብሃል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በኅዳር ውርጭ ሞተሩ እስኪሞቅ ግማሽ መንገድ ትጨርሳለህ። ቤንዚኑም ይንቃቃል፣ ፒስተኑም ይበላል።

*ቴርሞስታቴን ድስት ውስጥ ቀቅዬ ሞከርኩት። ውሃው እየተንተከተከ ጭራሽ አልተከፈተም ማለት ይቻላል። 88 ይላል። ልጣለው? (ከደብረ ብርሃን)*

እንዳትጥይው እህቴ! ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። 88 የሚለው መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ ጨርሶ የሚከፈተው ከዚያ በአሥር ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል ነው። ድስትሽ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ከ91 ማለፍ አይችልም። የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሪበት ያው ነው። ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ካሳየ ደህና ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ነው የሞተው። ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ዘመድ ካለሽ እዚያ ይቀቅልልሽ፤ እዚያ ውሃ 95 ይደርሳል።

*ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አስገባለሁ። ጉዳት አለው?*

ካርቶኑ አይጎዳም፤ መርሳቱ ነው የሚጎዳው። አንዴ አንድ ደንበኛዬ ሸዋ ሮቢት ደርሶ "ፈላብኝ" ብሎ ደወለ። ፓምፕ፣ ቺንጋ (ቀበቶው)፣ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) ሁሉን በስልክ አስፈተሽኩት። በመጨረሻ "ኧረ ካርቶኑ!" አለና ዘጋብኝ። ቴርሞስታትህ ጤነኛ ከሆነ ካርቶን አያስፈልግህም። ካስገባህም ቁልፍህ ላይ ክር እሰር።

*ደብረ ሲና ምሳ በልቼ፣ ቆሎዬን ገዝቼ ስመለስ መኪናው አልነሳ ይለኛል። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅኩ ይነሳል። ካርቡሬተር ነው።*

ጋሼ፣ ይህ የራዲያተር ጉዳይ አይደለም። ኮፈኑ ሥር የታፈነው ሙቀት ነው። ብዙ ሰው ሞተር ሲጠፋ መቀዝቀዝ የሚጀምር ይመስለዋል። ኮፈኑ ሥር ያለው አየር ግን ካጠፉት በኋላ ይብስበታል። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ውሃው አይዞርም፣ የጋለው ብረት ግን ሙቀቱን ይተፋል። ያ ሙቀት የነዳጅ ፓምፑንና ቀጭኗን ቱቦ ያገኛቸዋል። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ አየር ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ አየር መግፋት አይችልም። ከፍታው ሲጨመርበት ቤንዚኑም እንደ ውሃው ቶሎ ይተናል።

ለጊዜው ሲያቆሙ ኮፈኑን ከፍተው ይተዉት። አልነሳ ካለ የነዳጅ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። የዱሮ ሾፌሮች ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ጭስ ማውጫው ላይ ግን ውሃ እንዳይፈስ፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ለዘለቄታው የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማውጫው አርቀው ያስሩ። ካርቡሬተሩ ሥር የነበረችው ወፍራም መለያያም ትኑር። ብዙ ጊዜ አንዱ ሲፈታ ጥሏት ቀጭን ወረቀት ተክቶባት ይገኛል።

*ጭስ ማውጫው ላይ የነበረው ላሜራ ዝጎ ወደቀ። በምን ልሸፍነው? አንዱ አስቤስቶስ ገመድ ጠምጥምበት አለኝ።*

አስቤስቶሱን እርሳው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ተኝቶ ካየኸውም አትነካካው። ሌላውም ጥምጥም ቢሆን አሮጌ ሞተር ላይ አልወደውም። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ጥምጥሙን ያጠጣዋል፤ ያ ደግሞ የፋኖስ ክር ማለት ነው። እርጥበት ይዞም ብረቱን ያስበላዋል።

ላሜራ አስቆርጥ። ቁምነገሩ ላሜራው ብረቱን እንዳይነካ ነው። በጣት ስፋት ያህል ራቅ ብሎ ይታሰር፤ በመካከሉ አየር ይለፍ። ሙቀቱን የሚያበርደው ያ አየር ነው። ባትሪህ በዚያ በኩል ከሆነ ለእሱም ትንሽ ከለላ ሥራለት። ባትሪ በየዓመቱ የምትቀይሩ ሰዎች ባትሪውን ከመስደባችሁ በፊት ከጎኑ ምን እንዳለ እዩ።

*ኮፈኑን ከኋላ በሮንዴላ (ብሎን ሥር በሚገባ ቀለበት) ከፍ ባደርገው ሙቀቱ አይወጣም?*

ቆመህ ወይም ስታዘግም ይወጣል። ስትሮጥ ግን ከመስታወቱ ሥር ያለው አየር ተጨናንቆ ወደ ውስጥ ይገባል። የጭስ ሽታውንም ወደ ጋቢና ታስገባለህ። ይልቅ የጎደለውን መልስ። የቬንትሌተሩ ዙሪያ ከለላ ፕላስቲክ አለ? ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚስበው እዚያው የሞቀውን አየር ነው። ከራዲያተሩ ጎንና ላይ የነበሩት ጎማዎችስ? እነሱን የሚያስታውሳቸው የለም።

*ከእነዋሪ ነኝ። በመኸር ጊዜ ብቻ ይሞቃል።*

እብቅ። አስፋልት ላይ ጤፍና ስንዴ ሲወቃ በዚያ ስታልፍ ራዲያተርህ ይጎርሰዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ እጠበው። በመኪና ማጠቢያ ግፊት ከተመታ ክንፎቹ ይተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ አየር የለም።

*ቮልስ አለኝ። ውሃ የለውም፤ ታዲያ ለምን ይግላል?*

ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብ ጎማ አለ። ያ ጎማ የላይኛውን ንጹሕ አየር ከታችኛው የጋለ አየር ይለያል። ከደረቀና ከተቆራረጠ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። ቀዳዳዎቹን ድፈን፣ ዘይቱን በጊዜው ቀይር። አየሩም ጣርማ በር ላይ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ ቬንትሌተሩ በደንብ እየዞረ ውጣ። በአራተኛ እያቃሰትክ መውጣት ነው የሚገድለው።

*የወንዝ ውሃ እጨምራለሁ። አንቲፍሪዝ ለብርድ አገር አይደለም እንዴ?*

ደብረ ብርሃን ምን አገር መስሎህ ነው? ሌሊት ውርጭ የሚጥል አገር ውስጥ ውሃ ብቻ ይዞ ማደር ሞተር ሊያሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ አንቲፍሪዝ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርግ። የመፍያውንም ነጥብ ትንሽ ከፍ ያደርግልሃል፤ ዝገትም ይከላከላል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ እንደ ጀበና ቂጥ ውስጡን ያደድረዋል። መንገድ ላይ ከተቸገርክ ግን ያገኘኸውን ጨምር። ቤትህ ስትደርስ አፍስሰው።

*ዳገቱ መሃል ጌጁ ቀዩን ሲነካ ምን ላድርግ?*

የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት። አዎ፣ ትቃጠላለህ፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ዳር ያዝ። ውሃ ካልደፋ ወዲያው አታጥፋው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባዶውን ይዙር። ውሃ ከደፋ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንካ። ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ቀዝቃዛ ውሃም በአንድ ጊዜ አትገልብጥበት፤ ሞተሩ እየሠራ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

*የመጨረሻ፦ ጌጁ ቀይ ላይ ነበር። ድንገት ራሱ ወደ ቀዝቃዛው ወረደ። ዳነ ማለት ነው? እየነዳሁ ነው የምጽፍልህ።*

መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጥና አቁም። አልዳነም፤ ውሃው አልቋል። የጌጁ ሴንሰር ሙቀት የሚለካው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ውሃው ሲያልቅ እንፋሎት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የሚያነበውም የለውም። አሁኑኑ አጥፋው። የት እንዳቆምክ ንገረኝ።