ቢጫውን ቅጽ ማን ያየዋል ላላችሁ

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ ለተግባር ልምምድ የመጣች የፋርማሲ ተማሪ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበትን ቢጫ ቅጽ ሞልተን ብንልክ ማን ያየዋል? ደረሰን እንኳን እኮ አይሉም።» የተለመደውን መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ረሳሁት ያልኩትን አንድ ልጅ አስታወሰችኝ። ለእሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ዘመኑ ፋንሲዳር ዋናው የወባ መድኃኒት የነበረበት ነው። በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ በ2004 በኮአርተም እስኪተካ ድረስ ማለቴ ነው። አዳማን አብዛኛው ሰው ናዝሬት ነበር የሚላት፤ እኔ አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል። የምሠራበት መድኃኒት ቤት መናኸሪያው አካባቢ ነበር። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ያለን አንድ ቬንቲሌተር። ከሰዓት በኋላ ሰፖዚተሪዎቹን፣ በፊንጢጣ የሚገቡትን መድኃኒቶች ማለቴ ነው፣ ማሸጊያቸው ውስጥ ቀልጠው ነበር የምናገኛቸው። ስንቱን ጣልን! የመድኃኒት መበላሸትም እኮ ዛሬ በዚያው ቅጽ ሪፖርት ይደረጋል። ወደ ልጁ ልመለስ።

በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ገባ። ከወንጂ የመጣ አገዳ ቆራጭ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «ዶክተር፣ የከንፈር ቅባት ስጠኝ፤ ፀሐይ መታኝ» አለኝ። ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው እንግዲህ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርገው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም የደረቀበት ቅርፊት ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያነባል። ሸሚዙን እንዲከፍት ጠየቅኩት። ደረቱ ላይ መሐላቸው የጠቆረ ቀያይ ክቦች ተበትነዋል። አንዳንዶቹ ውኃ ቋጥረዋል። ፀሐይ እንዲህ አታደርግም።

«ምን መድኃኒት ወሰድክ?»

«ምንም።»

«ኪኒንስ?»

«ኪኒንማ ውጫለሁ። ሲያስቀምጠኝ ጊዜ ጓደኛዬ ሰጥቶኝ።»

ከኪሱ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለሉ ነጭ ኪኒኖች አወጣ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዘር ያለበት። ከጀመረው ሳምንት አልፎታል።

ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለውን፣ መድኃኒት ቆዳን፣ አፍንና ዓይንን የሚያቆስልበትን ከባድ ጉዳት እስከዚያ ቀን በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አላየሁም። ኪኒኑን ተቀበልኩትና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ አልኩት። የቀን ሒሳቤ ይቀርብኛል ብሎ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ጋሪ ጠርቼ አሳፈርኩት። ተኛ፣ ታከመ፣ ዳነ። ከወራት በኋላ አንድ እቅፍ አገዳ ይዞ ሊያመሰግነኝ መጣ። ባንኮኒው ላይ አጋደመውና ሆስፒታል የሰጡትን ወረቀት አሳየኝ። የበሽታው ስም አለ። የመድኃኒቱ ስም የለም። «ያንን ነጭ ኪኒን ሁለተኛ አልነካም» አለኝ። የትኛውን ነጭ? መደርደሪያችን ላይ ካለው ግማሹ ነጭ ነው። ስሙን ነገርኩት፣ አስደገምኩት። ወንጂ እስኪደርስ የሚቆይ ስም ግን አይደለም።

ክረምቱ ወጥቶ የወባው ወቅት ገባ። ልጁን ትኩሳት ያዘው። አንድ ጤና ተቋም ሄደ፣ ወባ ተገኘበት፣ ፋንሲዳር ሦስት ፍሬ በአንዴ አስዋጡት። የጊዜው አሰጣጥ እንደዚያ ነበር። ፋንሲዳር ውስጥ ግን ሰልፋዶክሲን አለ፤ የኮትሪሞክሳዞሉ የቅርብ ዘመድ ነው። ክፋቱ ደግሞ ዛሬ አቁም ተብሎ የሚቆም አይደለም። አንዴ ከተዋጠ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ይህን የሰማሁት ከእህቱ ነው፤ የዓይን ጠብታ ልትገዛ መጥታ። ልጁ ተርፏል። አንድ ዓይኑ ግን ጠፍቷል፣ ሌላውም ብርሃን አይችልም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ዘግቶ ነው የሚውለው አለችኝ።

ያንን ተቋም ለዓመታት ስረግም ኖሬያለሁ። እያደር ሳስበው ግን የሰጠው ሰው ምን ያውቃል? የልጁ እጅ ላይ የሚያነበው ነገር አልነበረም። ነገሩን የምናውቅ እኔና የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ነበርን። ቢጫው ቅጽ ያኔ እኛ ጋ አልደረሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ ስለ ቅጹ አይደለም። የተጎዳው ሰው ባዶ እጁን ከፊታችሁ አይሂድ። ቁራጭ ካርቶን ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ ምን እንዳደረገው፣ ቀኑንም ጻፉለት። በእንግሊዝኛ ለሐኪሙ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ለራሱ። መታወቂያው ማስቀመጫ ውስጥ ይሸጉጠው። አብሮት ለመጣው ሰውም ንገሩ።

ቅጹ ይቅር እያልኩ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ፕሮግራም አባል የሆነችው በፈረንጆቹ 2008 ነው። የምትሞሉት ቅጽ አዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል። ከዚያ የሚላከው መረጃ ስዊድን ኡፕሳላ ባለው የዓለም መዝገብ ውስጥ ይገባል። አንዱ ሪፖርት ብቻውን ብዙ አይናገር ይሆናል። ከደሴም ከጅማም ከሌላ አገርም ተመሳሳዩ ሲመጣ ነው ነገሩ መልክ የሚይዘው። ስታቩዲንን የምታስታውሱ ጥቂት ናችሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነበር፤ ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል። ግን እግር ያቃጥላል፣ ጉንጭ ያጎደጉዳል። በሽታውን ደብቀው የኖሩ ሰዎች መድኃኒቱ ፊታችን ላይ አወጣብን ይሉን ነበር። ጉዳቱ በየአገሩ እየታየ ሄዶ በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ።

እርግጠኛ ካልሆንኩስ የምትሉ አላችሁ። ጥርጣሬ ይበቃል። መድኃኒቱ ነው አይደለም የሚለውን የሚመዝኑ ሌሎች አሉ። ከእናንተ የሚፈለገው ማን እንደተጎዳ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደተጠረጠረ፣ ምን እንደሆነና ሪፖርቱን ማን እንዳደረገው ነው። የበሽተኛው ሙሉ ስም አያስፈልግም፤ የካርድ ቁጥር ወይም የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ይበቃሉ። መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ፣ ባች ቁጥሩ (ማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር) ስንት ነው የሚለው ከተጨመረማ እሰየው።

ማዘዣ በደንብ አንብቡ፣ መጠን አስተካክሉ እያልኩ አላደክማችሁም። ያንን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። የመድኃኒቱን አሠራር እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምትወጡት። ቀና ብላችሁ የሰውየውን ፊት አለማየታችሁ ነው የሚያናድደኝ። አንድ እጃችሁ ቴሌግራም ላይ፣ አንዱ ኪኒን ይቆጥራል። አበል የሌለው ሥልጠና ሲጠራም ትጠፋላችሁ። እርግጥ እኛም አበል ጠልተን አናውቅም።

እስቲ ፊቱን እዩና ጠይቁ። መድኃኒት ወስደሃል ወይ ብቻ ካላችሁ የሚመልስላችሁ የለም የሚለውን ነው። ኪኒን በሉት፣ መርፌ በሉት፣ ጎረቤት የሰጠህ በሉት፣ የባህል መድኃኒትም ጥሩ። ያለፈውን አንድ ወር ሙሉ ጠይቁ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደንበኛ ታባርራላችሁ ይላችሁ ይሆናል። እኔም ተብያለሁ። ቅጹ ክስ እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱት። ካልገባው በእረፍት ሰዓታችሁ ላኩት።

የወረቀት ቅጽ አለቀ የሚባል ሰበብ ድሮ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ሪፖርቱን የምትልኩበት ሜድ ሴፍቲ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ቅድም የወቀስኩት ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ባዶውን ፓኮም ሳይጣል ባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። እና ልጄ፣ ደረሰን ካላሉሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው። የባለሥልጣኑ መስመር 8482 ነው፤ ነፃ ነው።