አሮጌ ጣቢያ ማደስ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕንፃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው፤ አያቴ ጡረታ እስኪወጡ ምድር ባቡር ሠርተዋል። አዲስ አበባ የለገሃርን ጣቢያ ባየሁ ቁጥር «የእኔ ሙያ ይህን ማደስ ነው» እላለሁ። አሁን አንድ የሪል እስቴት ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ቤተሰቤም «በአሮጌ ሕንፃ ማን እንጀራ በላ?» ይሉኛል። ምን ልወስን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ተቀበዪ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ቢሮ ሳይሆን ግንባታው ቦታ ላይ እንዲመድቡሽ ጠይቂ። ማልታ (ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው ቡኮ) እንዴት እንደሚቦካ፣ አሸንዳ ሲደፈን ግድግዳው ምን እንደሚሆን፣ ጎበዝ ግንበኛ ድንጋይ ሲመርጥ ምን እንደሚያይ ሳታውቂ የማንንም ቅርስ እንድትነኪ አልመክርሽም።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት እንዳድስ ተሰጠኝ። የቀድሞውን የኖራ ልስን አስነሥቼ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ሥራው ሲያልቅ ያየው ሁሉ አደነቀው። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ልስኑ አብጦ መርገፍ ጀመረ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይም አብሮት ተፈረፈረ። ኖራ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ መልሶ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። መውጫ ያጣው እርጥበት የተሸከመውን ጨው ድንጋዩ ውስጥ ይተወዋል፤ ጨውም ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተሠራው ጥገና ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ በኖራ እንደተተካ ያነበብኩት ቤቱን ካበላሸሁ በኋላ ነው። ያ ግድግዳ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ለገሃር ልመለስ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ፣ በሰፊ ሐዲድ የሚሄድ ነው፤ መንገደኛውንም የሚያሳፍረው ከፉሪ ለቡ ነው። እንግዲህ ለገሃር ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ልማት 360,000 ካሬ ሜትር ቦታ የሚሸፍን ሲሆን፣ ታሪካዊው ሕንፃ እንደሚጠበቅም ተነግሯል። ለሙያሽ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ባቡር የሌለው ጣቢያ ሲታደስ ምኑ ነው የሚጠበቀው? ፊት ለፊቱ ተጠርቦና ተቀብቶ ከጀርባው ያለው መሳፈሪያና ሐዲድ ቢነሣ፣ የሚቀረው አንድ የሚያምር አሮጌ ቤት ነው፤ መንገደኛ ከየት መጥቶ የት እንደወረደ ማንም ሊያነብበት አይችልም። እኔ ብሆን ከሐዲዱ ጥቂት ሜትር እንኳ በቦታው እንዲቀር እሟገት ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ አድርጊው። አሳምረሽ ለመንደፍ አትቸኩዪ። አስፈቅደሽ ግቢ፤ በሜትር ለኪ፤ ስንጥቁን፣ የእርጥበቱን መስመር፣ የተለወጠውን በርና መስኮት ሁሉ በፕላን ላይ አስፍሪ። አሠሪ ስለ ችሎታሽ ሲጠይቅሽ ከውጤትሽ ይልቅ ይህን ሥዕል ዘርግተሽ ብታሳዪው ይሻላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ንም አንብቢ፤ ቅርስ የሚጠገነው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ወጣት ለአማካሪ ድርጅቶች ይጠቅማቸዋል።

ስለ እንጀራው ቤተሰብሽ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። «የቅርስ አዳሽ» ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በደመወዝ ሥራ እንድትቆዪ የምመክርሽ። ሥራው ግን አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለበትን ቤት ማንም ሥራ ተቋራጭ እንደ ተራ ሕንፃ ሊነካው አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ፈረንሳይኛ ተማሪ። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ነበርና የድሮ ሥዕሎቹና መዝገቦቹ በዚያ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አስተማሪ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ሊኖርሽ ይችላል፤ የአያትሽ ዘመን የምድር ባቡር ሰዎች ብዙዎቹ ቋንቋውን ከሥራው ጋር ለምደውታል። አያትሽ በሕይወት ካሉ ለበዓል ድሬ ስትወርጂ ደብተርና መቅጃ ይዘሽ ሂጂ። ትኬት የሚቆረጠው የት እንደነበር፣ ደወሉ መቼ እንደሚመታ፣ ዕቃው በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በክረምት ውሃ የሚያፈሰው ጣሪያ የቱ እንደነበር ጠይቂያቸው። ሲደክማቸው አርፈው በማግሥቱ እንዲቀጥሉ አድርጊ።